ከመጋረጃ ጀርባ የተነፋ ሳክስፎን

«እንዲያውም ሁለት መጋረጃ እንደርባለን» አለ መምህሩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጥቁሩ ከኋላ፣ ቀዩ ከፊት። ከዚያ ወዲያ ማን ያይሃል?»

«ስለ ማየት ማን አወራ?» አለ ሳክስፎን ነፊው። «እኔ የምፈራው ጆሮ ነው።»

«ጆሮ የሚሰማው ሳክስፎን ብቻ ነው። የሚነፋው ማን እንደሆነ በምን ያውቃል?»

«መምህር፣ ሶዶ ውስጥ ስንት ሳክስፎን አለ?»

መምህሩ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል ጣሪያውን አየ። የመለሰችው በቴአትራችን የክለቡን ባለቤት ሆና የምትጫወተው ሴት ናት። መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን እየቀባች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ሁለት አለ። አንዱ የእሱ፣ አንዱ ገጣሚው የታቀፈው የውሃ ቧንቧ።»

የታቀፍኩት እውነትም የውሃ ቧንቧ ነበር። የሠራልኝ ራሱ ሳክስፎን ነፊው ነው። ቀን ቀን ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ብየዳ ቤት ውስጥ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ለቴአትሩ ብሎ የቧንቧ ቁራጭ አጠፈ፣ ጫፉ ላይ ቆርቆሮ ጠቅልሎ በየደ፣ ከበር ቅብ የተረፈ ወርቃማ ቀለም ቀባው። ከሩቅ ሲያዩት ሳክስፎን ነው። ክብደቱ ግን ከእውነተኛው ይበልጣል፤ ልምምድ በዋልን ቁጥር ትከሻዬን ሲያመኝ ያድራል።

የተስማማነው እንዲህ ነበር። እኔ መድረክ ላይ ሆኜ ቧንቧውን አፌ ላይ አድርጌ ጉንጬን እነፋለሁ፤ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ እውነተኛውን ይነፋል። ሳምንታት ሙሉ በዚህ ስንለማመድ ምንም አላለም። ቀኑ ሲቀርብ ግን ፈራ፤ ፍርሃቱንም ማስረዳት ሰለቸው።

«አንተማ ብትከሰስ ዝውውር ትጠይቃለህ» አለችው ሴትዮዋ መምህሩን። «እሱ የት ይዛወራል?»

መምህሩ የጎጃም ሰው ነው። እዚህ ከተመደበ ዓመታት አልፈዋል፤ ተማሪዎቹ ወላይትኛውን እያሾፉ አስተምረውታል፣ እሱ ግን አሁንም ከዳሞታ ተራራ የሚወርደውን ጉም ባየ ቁጥር አንገቱን በፎጣ ይጠመጥማል። ቴአትር ማዘጋጀት የሚወድ፣ ሲናገር ግን ሰው ሁሉ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የሚመስለው ሰው ነው። ያን ቀን ፎጣውን ፈትቶ እንደገና ጠመጠመውና ወደኔ ዞረ።

«አንተ ነህ የጻፍከው። ንገረው እንጂ!»

ቧንቧውን መድረኩ ላይ አጋደምኩት።

ቴአትሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንጀራዬ መናኸሪያው አጠገብ ባለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ መተየብ ነው። ከአሥረኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ግጥም የሚባለውን ነገር የተማርኩት ተማሪዎች ሊያባዙት ካመጡት ወረቀት ላይ በቆሜ እያነበብኩ ነው። ስለ ጃዝ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ደግሞ ከስልኬ ነው። አንድ ሽማግሌ ሙዚቀኛ ስለ ደርግ ዘመን ሲናገሩ ሰማሁ፤ በሰዓት እላፊው ምክንያት አንዴ ክለብ የገባ ሰው ሳይነጋ አይወጣም ነበር አሉ። በሩ ይቆለፋል። ሙዚቀኛው እስኪነጋ መጫወት፣ ሰዉም እስኪነጋ መስማት ግድ ነው። ይኼ ነገር አልለቅህ አለኝ። የደከመ ሰው ለደከመ ሰው ሲነፋ ይታየኛል።

ስለዚህ አንድ ምድር ቤት ጻፍኩ። ውስጡ ሙዚቀኞች፣ ግጥሙን ጮክ ብሎ ማንበብ የማይችል ገጣሚ፣ ለሁሉም የምትቀዳ የክለብ ባለቤት። ደጁ ላይ የወታደር ጫማ ድምፅ። እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ አላውቅም። አዲስ አበባን ራሱ ያየሁት አጎቴን ሐኪም ቤት ለማስታመም ሄጄ በመስኮት ነው።

ቡድናችን ከዚያ በፊት የሠራው ሁሉ መልእክት ነበረው። ስለ እጅ መታጠብ ሠርተናል፣ ስለ አጎበር ሠርተናል፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በዴሳ ገበያ መሃል፣ ከበሬዎቹ ጋር ቦታ እየተሻማን አሳይተናል። እኛ ዘንድ ድራማ ወይ የድርጅት ነው ወይ የቤተ ክርስቲያን። አዳራሹን የሚፈቅድልን ሰውዬ «የዚህኛው መልእክት ምንድን ነው?» ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት።

«ሰዎች እስኪነጋ ሙዚቃ ይጫወታሉ።»

«ከዚያስ?»

«ይነጋል።»

ሲያየኝ ቆየና «ስለ ሰላም ነው በል» አለኝ። እሺ አልኩ።

ሳክስፎን ነፊውን ያገኘሁት መብራት በመጥፋቱ ነው። መብራት ሲጠፋ የመንገዱ ብየዳ ቤቶች ሁሉ አንድ ላይ ዝም ይላሉ። እሱ ታዲያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሳክስፎኑን ከሣጥኑ ያወጣል። ሳልፍ ሰማሁትና ቆምኩ። ያልተቀባ በር ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋል። ባጃጅ ነጂዎቹ ከመንገድ ማዶ ሆነው «ከተማው ሁሉ ይምጣ ብሎ ሲጸልይ፣ አይምጣ ብለህ የምትጸልየው አንተ ብቻ ነህ!» ይሉታል። ዓይኑን ሳይገልጥ ይስቃል፤ ሳቁ በሳክስፎኑ ውስጥ ይወጣል። መብራቱ ሲመጣ ቃል ሳይናገር አስቀምጦ ወደ ብየዳው ይመለሳል።

ሳክስፎኑ የእሱ አይደለም። የአጥቢያው ነው። ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ የውጭ እንግዳ ትቶት ሄዶ፣ የሚነፋው ጠፍቶ የጸሎት ቤቱ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ኖረ። ሽማግሌዎቹን ለምኖ ያስወጣው እሱ ነው። የሚያስተምረው ሰው አልነበረም፤ መዝሙሮቹን አንድ በአንድ እየፈለገ ራሱን አስተማረ። አሁን እሁድ እሁድ ከአምልኮ ቡድኑ ጋር ያገለግላል፤ ሣጥኑም እሱ ዘንድ ያድራል። ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚያገለግል ሰው ዘፈን አይነካም፤ የነካ ይታገዳል። እሱ ከታገደ ሳክስፎኑ ወደ ቁም ሣጥኑ ይመለሳል። እኛ ብንዋረድ በአንድ ቴአትር ነው። እሱ የሚያጣው ግን እስትንፋሱ የገባበትን ብቸኛ ነገር ነው።

«ታዲያ ለምን ገባህበት?» ብዬዋለሁ አንድ ቀን። ጥሬ ሥጋ በዳታ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያችን፣ እየበላን ነበር፤ ዳታው ሁለታችንንም አስለቅሶናል። ብቻችንን ስንሆን በወላይትኛ ነው የምናወራው።

«ቤተ ክርስቲያን ስነፋ ሕዝቡን እጠብቃለሁ» አለኝ። «አሮጊቶቹ እስኪደርሱ፣ ልጆቹ እስኪደርሱ። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽህም። ግን አንድ ቀን ማንንም ሳልጠብቅ መሄድ አማረኝ።»

«ኃጢአት አይሆንብህም?»

«ቃል የለበትም እኮ፣ ታ ኢሻው» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ቃል የሌለውን ማን ለይቶ ዘፈን ይለዋል?»

በክርክሩ ቀን ግን ይህን አላነሳሁበትም። ያልኩት «ትከሻዬን እያየህ ትነፋለህ» ብቻ ነው። ቀዩ መጋረጃ ላይ ሲቀመጥ በዓይኑ ልክ የምትሆን ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ ጥቁሩንም እዚያው ላይ እንበሳዋለን፤ በእሷ በኩል ትከሻዬን ያያል። ትከሻዬ ሲነሳ ይጀምራል፣ ሲወርድ ያቆማል። ይህን ያህል ቀላል ነው አልኩት። መምህሩ ጥቁር ጨርቅ ሊገዛ ወጣ፤ ክርክሩም ማንም ሳያሸንፍ በድካም አለቀ።

ማስታወቂያውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ራሴ ተይቤ ራሴ አባዝቼ ግንብ ላይ ለጠፍኩት። «በሰዓት እላፊው ዘመን፣ በምድር ቤት ውስጥ በድብቅ ይሰበሰቡ ስለነበሩ ሰዎች የሚተርክ ቴአትር» ይላል። መምህሩ አንብቦ ወደደው። ሌላ ነገር ሊገባው እንዴት ይችላል? እሱ የመጣው ከሌላ አገር ነው። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ አማኞች የት ይሰበሰቡ እንደነበር ስሰማ አድጌ፣ ምንም አልመጣልኝም። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሳክስፎን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰዉ መግባት ሲጀምር ከመድረኩ ጥግ ሆኜ አየሁ። ተማሪዎች እንጠብቅ ነበር። መጀመሪያ የገቡት ነጠላ የለበሱ እናቶች ናቸው። ከዚያ ሽማግሌዎች፣ ኮት የለበሱ፣ ከዝናቡ ጭቃ ጫማቸውን በር ላይ የሚጠርጉ። በዚፕ የሚዘጋ መጽሐፍ ቅዱስ በብብታቸው ይዘዋል።

«ገጣሚ» አለችኝ የክለቡ ባለቤት፣ ጠርሙሶቿን እየደረደረች። «ጉድህ ፈላ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጥተዋል።»

«ተሳስተው ነው።»

«አልተሳሳቱም። ማስታወቂያህን አንብበው ነው።»

ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ሻይ ነው። እሱን ወጥቼ ልንገራቸው አሰብኩ፤ ሳቅኩ፤ ሳቁም ደከመኝ። ከፊት ረድፍ መካከል የሳክስፎን ነፊው አጥቢያ ሽማግሌ ተቀመጡ። ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ናቸው፤ ልጅ ሳለ ሳክስፎኑን ከቁም ሣጥን አውጥተው የሰጡት እሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መድረኩን በትዕግሥት ይጠብቃሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሄጄ ነገርኩት። ሳክስፎኑን ታቅፎ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። «መጥተዋል» አልኩት። የማንን መምጣት እንደምል ሳይጠይቀኝ ገባው።

«አሁን ብሄድም በር ላይ ያገኙኛል» አለ። «ሂድ፣ ትከሻህን አንሳ።»

መጀመሪያው በሚያስገርም ሁኔታ መልካም ሆነ። መስኮቶቹን በማዳበሪያና በጥቁር ላስቲክ ሸፍነን ስለነበር አዳራሹ ምድር ቤት መስሏል። የወታደሩ ጫማ ሲሰማ፣ ሙዚቀኞቹ መብራት አጥፍተው ትንፋሻቸውን ሲይዙ፣ ከሰዉ መካከል ረጅም ትንፋሽ ወጣ። አንዲት እናት «አይ ያ ዘመን!» አሉ ጮክ ብለው። ሰዉ የራሱን ታሪክ እያየ ነበር። ከዚያ የክለቡ ባለቤት ጠርሙስ ከፍታ ብርጭቆ ስትሞላ ጉምጉምታ መጣ። «መድኃኒት ነው?» ሲል የጠየቀ ሰው ነበር፤ አጠገቡ ያለው ዝም አሰኘው። የእኔ ተራ ደረሰ። ቧንቧውን አፌ ላይ አደረግኩ፣ ትከሻዬን አነሳሁ።

ነፋ። እንዲያ ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም። ማንንም አልጠበቀም። ዜማው ይሄዳል፣ ዞሮ ያያል፣ ትቶን ይሄዳል። እኔ ባዶ ቧንቧ ይዤ ከፊት ቆሜ፣ የሌላ ሰው ደስታ በጀርባዬ ሲያልፍ ይሰማኛል።

መብራቱ ጠፋ።

የአዳራሹ መብራት ነው የጠፋው፤ ቴአትሩ ውስጥ የለም። ጨለማው ድፍን ሆነ፤ መስኮቶቹን የደፈንናቸው እኛው ነን። ጓሮ ያለውን ጄኔሬተር ለማስነሳት አንድ ሰው ሲሮጥ ሰማሁ። ገመዱ ይሳባል፣ ሞተሩ ይስላል፣ ይሞታል። ትከሻዬን አወረድኩ፤ ማን ያየዋል? እሱ መንፋቱን ቀጠለ። ያዘጋጀውን ጨረሰ፣ ደገመው፣ እንደገና ጨረሰው። ከዚያ ዜማው መሬት እንደሚዳስስ እጅ ቀስ አለ፤ ሳላስተውለው ሌላ ሆነ።

መጀመሪያ ያወቁት አሮጊቶቹ ናቸው። የጌታ እራት ቀን ጽዋው ሲዞር የምንዘምረው የወላይትኛ መዝሙር ነበር። በጨለማው ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ አንድ፣ ከዚያ ብዙ። ቆሙ። ያ መዝሙር ሲጀመር ተቀምጦ የሚቀር ሰው የለም፤ ከልጅነታችን የተማርነው ነው። መዘመርም ጀመሩ። የገረመኝ አዘማመራቸው ነው። ጮክ አላሉም፤ በሹክሹክታ ነበር፣ ከከንፈር ውጭ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። ያኔ ጸሎት ቤቱ ተዘግቶ፣ ከቤት ጀርባ በእንሰቱ መካከል ተቀምጠው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ይዘምሩት በነበረው አኳኋን። ወጣቶቹም ተከትለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አዳራሹ ሙሉ ሰው በሹክሹክታ ሲዘምር ሰምቼ አላውቅም።

ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ መብራቱ መጣ።

ሁሉም ቆመዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ፊታቸው በእንባ ርሷል። አንድ በአንድ ዓይናቸውን ሲገልጡ የሚያዩት እኛን ነው። የክለቡ ባለቤት እግሯን አነባብራ ብርጭቆ ይዛለች። የእኔ ቧንቧ ጉልበቴ ድረስ ወርዷል፤ አፌ ዝግ ነው፤ ሳክስፎኑ ግን ከመጋረጃው ጀርባ አሁንም መዝሙሩን ይነፋል። ከዚያ እሱም ብርሃኑን በቀዳዳዋ አየ መሰለኝ፣ መሃል ላይ ተቋረጠ።

«አሜን» አለ አንድ ሰው፣ ከልማድ።

«ቀጥሉ!» አለ መምህሩ ከጥግ፣ በጥርሱ።

ቀጣዩ የእኔ ቃል ነበር፤ ስለ ሰከረ ፖሊስ የሚቀልድ። አልኩት። የሳቀ የለም። ሰዉ እየተያየ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ግማሹ ቆሞ ቀረ። እስከ መጨረሻው ተጫወትን፣ ነጋ፣ መጋረጃው ተዘጋ። የተቆጣ ሰው አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው፣ ምን አይተው እንደመጡ ለራሳቸው እንኳ ሳይነግሩ ወጡ።

በሳምንቱ መጀመሪያ ሽማግሌው ብየዳ ቤት ሄደው አነጋገሩት። ሐሙስ ለልምምድ ስንገናኝ ያሉትን ነገረን። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። ማን እንደነፋ የጠየቀ እንኳ አልነበረም፤ እጁን በመጀመሪያው እስትንፋስ ሁሉም አውቆታል። ገሚሶቹ ወዲያው ይታገድ አሉ። እኚህኛው ግን ተከራከሩለት። መጠጥ ቤት መካከል በጌታ እራት መዝሙር የሰውን አፍ የከፈተው መንፈስ ነው አሉ። በመጨረሻ ተስማሙ። እሁድ ምእመኑ ፊት ይቁም፤ ጌታ ወደዚያ ቦታ ልኮኝ ነበር፣ መዝሙሩንም አፌ ላይ ያደረገው እሱ ነው ብሎ ይመስክር። ከመሰከረ አገልግሎቱም ሳክስፎኑም እጁ ላይ ይቆያሉ።

«ተመስገን!» አለ መምህሩ፣ እጁን አጨብጭቦ። «አለቀ ማለት ነው። ይኸውልህ፣ ከአረካም ደውለዋል። ሰፊ አዳራሽ አላቸው፤ ቴአትሩን አምጡት ይላሉ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ብቻ... የክለቡ ባለቤት ንስሐ እንድትገባ ይፈልጋሉ።»

«እኔ?» አለች ሴትዮዋ። ወዲያው ተንበርክካ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ጌታ ሆይ፣ ሻዬን ውሃ እየቀላቀልኩ ሸጫለሁ! በቃ? ወይስ ልፈንዳ?»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ መክፈቻውን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«አልልም» አለ።

«ምኑን?» አለ መምህሩ።

«ጌታ ላከኝ አልልም። አልላከኝም። የመጣሁት በራሴ ነው።»

«ወንድሜ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት!»

«ለእርስዎ ዓረፍተ ነገር ናት፣ መምህር።»

ሴትዮዋ ከጉልበቷ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ቀልዷን ትታ በለሆሳስ ነበር የተናገረችው። «ስማኝ። በልና ይለፍ። ሰው ስንት ነገር ይላል። ነገ ሳክስፎኑ ሲወሰድ እውነትህን ልትነፋት ነው?»

ወደኔ አየ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሮ ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ስለ መጨረሻው መለወጥ ለመከራከር እንኳ አቅም አልነበረኝም። በልና ይለፍ አልኩት እኔም፣ በወላይትኛ። ሳክስፎኑ እጁ ላይ እንዲቆይ ነው የፈለግኩት። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ ብዬ ነበር።

«አንተም?» አለኝ።

ሽማግሌው የገቡት ያኔ ነው፤ መልሱን ሊሰሙ መምጣታቸው ነበር። ጃንጥላቸውን አጥፈው በር ሥር አቆሙ። ሁላችንም ተነሳን። ሳክስፎን ነፊው ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ ሰጣቸው። ሲቀመጡ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ታ ናአው» አሉት፤ ልጄ ማለት ነው። ቀጥሎ መምህሩ እንዲገባው ብለው በአማርኛ ተናገሩ። «እኔ ያን ዘመን እንሰት ውስጥ ተደብቄ ነው ያቺን መዝሙር የዘመርኩ። አባቴ ታስሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አልሰማኋትም። ቅዳሜ ራሷ መጣች። እስቲ ምን አሰብክ?»

«ጋሼ፣ መንፈስ አልነበረም» አለ። «ጠፋብኝ።»

«ምን ጠፋብህ?»

«ዜማው። መብራቱ ሲጠፋ የገጣሚውን ትከሻ ማየት አልቻልኩም። ያዘጋጀሁት አለቀ። ማቆም ፈራሁ። ጣቴ የለመደው ቦታ ሄደ።»

«ጣትህን ማን ወሰደው?»

«ልማድ ነው፣ ጋሼ። ያን ሰዓት እየጸለይኩ አልነበረም። ጄኔሬተሩን እየረገምኩ ነበር።»

የክለቡ ባለቤት ሳቋን በእጇ አፈነች፤ ከዚያ ያፈነችው ሳቅ መሆኑ ቀረ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አዙረው ውስጡን አዩ።

«ጌታ በልማድም ይሠራል» አሉ።

«ይሠራል። እኔ ግን አላየሁትም። ሳላይ አየሁ ብል በስሙ ዋሸሁ ማለት ነው። ለሳክስፎን ብዬ በስሙ አልዋሽም።»

«ጋሼ፣ ይኼ ትሕትና ነው» ብሎ መምህሩ ጣልቃ ገባ። «እሱ እንዲህ ይላል እንጂ...»

«ተወኝ፣ መምህር» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይቆጡ። የዝናቡ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ሲናገሩ የሚያዩት ወለሉን ነበር።

«ታዲያ እኔ በምን አለቀስኩ?»

ሳክስፎን ነፊው ቀና ብሎ አያቸው። ስለ ሳክስፎኑ ሲናገር ያልተንቀጠቀጠ ከንፈሩ ያኔ ተንቀጠቀጠ።

«ሽማግሌዎቹ ሌላ ቃል የላቸውም» አሉ ቆይተው። «እኔ የምችለውን ብያለሁ። እንዲህ ካልክ ዕቃው ይመለሳል።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ።»

«እሺ።»

ተነሱ። ሣጥኑ ወንበሩ አጠገብ ነበር፤ ጎንበስ ብለው እጀታውን ያዙና አነሱት። ወገባቸው አልፈቀደላቸውም፤ ሣጥኑ ከወለሉ ትንሽ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን መታ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ አይሸከሙም» አለ፣ ደንግጦ። እጀታውን ከእጃቸው ቀስ አድርጎ ወሰደ። መንገድ ላይ ሸክም የያዘ ሽማግሌ ሲያይ ሁሌ እንደሚያደርገው ነው ያደረገው፤ ልዩ ነገር አልነበረውም። ሽማግሌው ሊከለክሉት እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ መልሰው ሰበሰቡት።

ጃንጥላውን ከፍተው ቀድመው ወጡ። እሱ ሣጥኑን ከዝናቡ ለመከለል ጃኬቱን አውልቆ አለበሰው፤ ራሱ በሸሚዝ ቀረ። ለመምህሩ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሴትዮዋ ስሙን ጠራችው፣ አልዞረም።

ደጃፉን ተሻግሮ ሣጥኑን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረና፣ በባዶው እጁ በሩን ከኋላው ሳበው። ተዘጋ።